«ሪሜምበር ሚ» ብዬ ጻፍኩ፤ አለቃዬ ሥራ ልለቅ መሰለው

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነኝ። አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የትእዛዝ ክትትል እሠራለሁ። አለቃዬ የውጭ አገር ሰው ስለሆነ ቢሮ ውስጥ የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ሳምንት የደረሰብኝ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሐሙስ የሚወጣ ጭነት ነበር። የሚፈረመው ወረቀት እሱ ጋ ነው ያለው። በሥራ ብዛት እንዳልዘነጋው ፈራሁና ማታ ከቢሮ ስወጣ ኢሜይል ጻፍኩለት። ልለው የፈለግኩት «አስታውሰኝ» ነው። የጻፍኩት ግን «ፕሊዝ ሪሜምበር ሚ» ነው። ጭነቱንም ወረቀቱንም አላነሳሁም። ቀኑን ሙሉ ስናወራበት ስለዋልን ይገባዋል ብዬ ነው።

ጠዋት ገና ሳልቀመጥ አስጠራኝ። በሩን ዘጋ። «ደህና ነሽ? ሥራ ልትለቂ ነው? ያስቀየመሽ ሰው አለ?» አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ከዚያ ኢሜይሉን አሳየኝ። ለካ እንደዚያ ብቻውን ሲጻፍ የስንብት ቃል ነው። «አትርሳኝ፣ በልብህ ያዘኝ» እንደ ማለት። ሰውየው ሌሊቱን ሲያስብ ነው ያደረው። በጣም አዘንኩ።

እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሬ ተምሬዋለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ ደግሞ ሒሳቡም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነበር። ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን «ሪሜምበር» ሲባል «አስታወሰ» ብዬ ነው የያዝኩት። «ሪማይንድ» ሲባልም «አስታወሰ»። ሁለቱ አማርኛው ላይ ተገናኝተው አንድ ሆኑብኝ። ሳስበው አብዛኛው ስህተታችን ከእንግሊዝኛው የሚመጣ አይመስለኝም። አማርኛ በአንድ ቃል ጠቅልሎ የያዘውን እንግሊዝኛ ለሁለት ሲከፍለው ነው የምንሳሳተው።

እናንተስ? በየሥራችሁ የተምታታባችሁ ቃል ካለ አምጡት። ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከደረሰባችሁ።

የእንግሊዝኛ መምህር፦

ልጄ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ያነሳሽው ጥንድ በየዓመቱ፣ በየክፍሉ ይገጥመኝ ነበር። በተማሪው ግን አልፈርድም። «አስታወሰኝ» የሚለውን ብቻ እዪው። «እኔን አልረሳኝም» ማለት ይሆናል። «እንዳልረሳ ነገረኝ» ማለትም ይሆናል። አንድ ቃል ነው፣ ሁለቱንም ይሸከማል።

እንግሊዝኛው እንዲህ ይለያል። «ሪሜምበር» የሚያደርገው ራሱ ባለ አእምሮው ነው። ማንም አይረዳውም። «ሪማይንድ» ግን ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ አንድ የሚቀሰቅስ፣ አንድ የሚቀሰቀስ። ቃሉ ውስጥ «ማይንድ» አለ፤ አእምሮ ማለት ነው። ነገሩን ወደ ሌላ ሰው አእምሮ መመለስ ነው። ቀስቃሹ ሰው ላይሆን ይችላል። የቡና ሽታ እናትሽን ቢያስታውስሽ ያም «ሪማይንድ» ነው።

ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው መፈተኛ ይህ ነበር። በአማርኛው ፋንታ «ትዝ አለኝ» ብትይ ከሄደልሽ «ሪሜምበር» ነው። «እንዳልረሳ ንገረኝ» ብትይ ከሄደልሽ «ሪማይንድ» ነው።

አንድ ልጨምር። «ሪሜምበር ሚ ቱ ዩር ማዘር» የሚል የቆየ አባባል አላቸው። እናትህን ሰላም በልልኝ ማለት ነው። ዛሬ እምብዛም አይሰማም፣ በድሮ ደብዳቤዎች ግን አለ። ስለዚህ አለቃሽ ያለ ምክንያት አልደነገጠም። ቃሉ ከመለያየትና ከናፍቆት ጋር የቆየ ዝምድና አለው።

ታቦር ሥር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ትንሽ እለያለሁ። ቋንቋ መግባቢያ ነው። ሐሳቡ ከገባ በቂ ነው። እኛ ራሳችንን እንዲህ ስናስጨንቅ ፈረንጁ አማርኛ ሲሰባብር «ጎበዝ» እያልን እናጨበጭብለታለን። ልጆቻችን አፍ አውጥተው እንዳይናገሩ ያደረጋቸው ይህ ፍርሃት ነው። አንድ ቃል ቢሳሳቱ ምን ይመጣል?

ቢጫ ሰደርያ፦

ወንድሜ ታቦር ሥር፣ ልጆች ይናገሩ ባልከው እስማማለሁ። «ምን ይመጣል» ላይ ግን ልመልስልህ። ሥራዬ ይህ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የምሠራው ፋብሪካ ውስጥ ነው። የሥራ መደቤ በእንግሊዝኛ «ሴፍቲ ኦፊሰር» ይባላል። በአማርኛ ምን በል? ደህንነት። «ሴኩሪቲ»ም በአማርኛ ደህንነት ነው። ደህንነት ላይ ነው የምሠራው ስል ሰው ሌላ ነገር ያስባል፤ ድምፁን ይቀንሳል። የሴፍቲ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሲወጣ በጥበቃ ሥራ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ሰዎች ሰርተፊኬታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከሩቅ የመጣ አለ፣ ትራንስፖርት ተበድሮ የመጣ አለ። ያሳዝናል። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። «ሴፍቲ» ማንም ክፉ ሳያስብብህ ከሚደርስብህ ነገር መጠበቅ ነው። እሳት፣ መውደቅ፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት፣ ጣት የሚይዝ ማሽን። «ሴኩሪቲ» ደግሞ ሆን ብሎ ከሚመጣ ሰው መጠበቅ ነው። ሌባ፣ ዘራፊ፣ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ።

ሁለቱ አንድ በር ላይ ሲጋጩ ደግሞ ተመልከት። የእሳት አደጋ መውጫ በር አለ እንበል። የሴኩሪቲው ሰው ዕቃ እንዳይወጣ ይቆለፍ ይላል። የሴፍቲው ሰው እሳት ቢነሳ ሰው እንዲወጣ ይከፈት ይላል። ሁለቱም ለደህንነት ነው የሚሉት። በአማርኛ ቢከራከሩ የቱ ደህንነት ማለታቸው እንደሆነ አትለይም።

ይህ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1911 ኒው ዮርክ ውስጥ ትሪያንግል የሚባል የሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለ። ፋብሪካው ከስምንተኛ እስከ አሥረኛ ፎቅ ላይ ነበር። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ወደ ደረጃ የሚያወጣ አንድ በር ተቆልፎ ነበር። 146 ሠራተኞች ሞቱ። አብዛኞቹ ከውጭ አገር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ከመስኮት የዘለሉ ብዙ ናቸው። ዛሬ እዚህ ከተማ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው ሸሚዝ የሚሰፉት እህቶቻችንም በዚያው ዕድሜ ያሉ ናቸው። ስለዚህ አዲስ ሠራተኛ ሳሠለጥን መጀመሪያ የማስረዳው እነዚህን ሁለት ቃላት ነው። በአማርኛ «ከአደጋ መጠበቅ» እና «ከሰው መጠበቅ» እያልኩ ነው የምለያቸው። የተሻለ ካላችሁ ስጡኝ፣ እጠቀምበታለሁ።

ታቦር ሥር፦

ይህን አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ያልከው አሳመነኝ። ፍርሃቱ ይቅር የሚለውን ግን አልተውም።

እኔም አንድ ላዋጣ። የኳስ ነው። «አሸነፈ» በአማርኛ ለሁሉም ይሆናል፤ ጨዋታ አሸነፈ፣ ዋንጫ አሸነፈ፣ ተጋጣሚውን አሸነፈ። በእንግሊዝኛ ግን «ዊን» የሚባለው ጨዋታው ወይም ዋንጫው ነው። ተጋጣሚው «ቢት» ነው የሚባለው። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ «ዎን ዘ ሊግ» ነው። ሲዳማ ቡናን ሲረታ ግን «ቢት ሲዳማ ቡና» ነው። «ዎን ሲዳማ ቡና» ካልክ ክለቡን በሽልማት ወሰደው እንደ ማለት ይሆናል። ይህን ያወቅኩት በቅርብ ነው። እስከዚያ ድረስ ፌስቡክ ላይ ከውጭ ደጋፊዎች ጋር ስከራከር በተሳሳተው ነበር የምጽፈው።

ነርሷ፦

እህቴ የሐይቅ ዳር ልጅ፣ ይህን ርዕስ በማንሳትሽ አመሰግናለሁ። የእኔ ከባድ ነው፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለበጎ ፈቃድ የመጣ የውጭ ሐኪም ነበር። በሽተኞች ሲገቡ አስተረጉምለት ነበር። አንዲት እናት ከገጠር መጡ። «ግራ እጄን ያመኛል» አሉ። እኔ «ሃንድ» ብዬ ተረጎምኩ። ሐኪሙ መዳፋቸውን ያዘ። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አንጓቸውን ጫን ጫን አደረገ። ምንም የለም። እማማ ዝም ብለው ያዩታል። በኋላ ራሳቸው በቀኝ እጃቸው ከትከሻቸው ጀምረው እስከ ክርናቸው አሳዩት፤ ከዚያ ደረታቸው ላይ አሳረፉ። ሐኪሙ ፊቱ ተለወጠ። ወዲያው የልብ ምርመራ አዘዘ። የግራ ክንድና የደረት ሕመም አብሮ ሲመጣ ልብ ሊሆን እንደሚችል እኔም ተምሬዋለሁ። ሥራዬ ነው። ግን «እጅ» ሲባል አፌ «ሃንድ» ለምዷል።

በእንግሊዝኛ «ሃንድ» ከአንጓ በታች ያለው ብቻ ነው። ከትከሻ እስከ አንጓ «አርም» ነው። «እግር»ም እንደዚሁ ነው። ከቁርጭምጭሚት በታች «ፉት»፣ ከዚያ በላይ «ሌግ»። ጣት ደግሞ የእጅ ከሆነ «ፊንገር»፣ የእግር ከሆነ «ቶ»። አውራ ጣትን ብዙዎቹ ከ«ፊንገር» አይቆጥሯትም፤ የራሷ ስም አላት።

«ያመኛል»ም አለ። እኛ በአንድ ግሥ እንጨርሰዋለን። እነሱ ሰውዬው ከታመመ «ሲክ» ወይም «ኢል»፣ አንድ ቦታ ላይ ካመመው «ኸርት» ይላሉ። እንግሊዞች ጋ «አይ ዋዝ ሲክ ላስት ናይት» ማለት ብዙ ጊዜ ማታ አስመለሰኝ ማለት ነው። አሜሪካኖች ጋ ግን ታምሜ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል ደግሞ የእኛው የሚበልጥበት አለ። ውጋት፣ ቁርጠት፣ ቁርጥማት። እማማ «ይወጋኛል» ሲሉኝና «ይቆርጠኛል» ሲሉኝ እኔ ወዲያው ልዩነቱ ይገባኛል። ለሐኪሙ ግን ሁሉንም «ፔይን» ብዬ ነበር የማቀብለው። ያ ሁሉ መረጃ መንገድ ላይ ይቀራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳስተረጉም ቃሉን ብቻ አልወረውርም። በሽተኛው በጣቱ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ነው የምናገረው።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

ነርሷ፣ አንብቤ ጨርሼ ትንሽ ዝም አልኩ። ስለነገርሽን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ የወረቀት ነገር ነው ያነሳሁት፣ አንቺ የሰው ሕይወት አመጣሽ።

ሦስተኛ ዓመት፦

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው። መምህር፣ እርስዎን ልጠይቅዎት። «ቦሮ» እና «ሌንድ» ሁልጊዜ ይዞሩብኛል። ከክፍል ጓደኛዬ ካልኩሌተር ስፈልግ «ካን ዩ ቦሮ ሚ» እላለሁ። ስህተት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አፌ ላይ ግን እሱ ነው የሚመጣው። ደግሞስ አማርኛ ይህን አይለይም?

የእንግሊዝኛ መምህር፦

አማርኛ ይለያል እንጂ! እንዲያውም ቀላሉ ይህ ነው። ተቀባዩ «ተ» ይወስዳል፦ ተበደረ፣ ተዋሰ። ሰጪው «አ» ይወስዳል፦ አበደረ፣ አዋሰ። «ቦሮ» የ«ተ» ወገን ነው። «ሌንድ» የ«አ» ወገን ነው። ካልኩሌተሩን የምትዋሰው አንተ ነህ። ስለዚህ «ካን አይ ቦሮ» ወይም «ካን ዩ ሌንድ ሚ» በል። አንተ የምትቸገረው አማርኛው ሥሩን ሳይለውጥ ፊደል ብቻ ስለሚለውጥ ነው። እንግሊዝኛው ቃሉን እንዳለ ይለውጣል።

ይህን ካነሳህ ግን የምወደውን ነገር ልንገርህ። አማርኛ እንግሊዝኛ የማይለየውን ይለያል። ጎረቤት ሄደህ ምጣድ ብትወስድ ተዋስክ ነው። ጤፍ ብትወስድ ተበደርክ ነው። ምጣዱ ራሱ ይመለሳል። ጤፉ ግን ይበላል፤ የምትመልሰው ሌላ ጤፍ ነው፣ ልኩን። እንግሊዙ ለሁለቱም «ቦሮ» ነው የሚለው። የተዋሰውም የተበደረውም አንድ ቃል ውስጥ ነው። አያቶቻችን ግን የሚመለሰው ያው ዕቃ ነው ወይስ ምትኩ የሚለውን ግሡ ላይ ጽፈውልናል።

የእንግሊዝኛው «ቦሮ» ከጥንቱ መያዣ ከሚል ቃል ነው የመጣው። ዋስትና ሰጥቶ መውሰድ ነበር። የእኛ «ዋስ» እና «ተዋሰ» ጎን ለጎን ሲቆሙ ስመለከት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አቶቴ ሰፈር፦

መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። እኛ ሰፈር «መቶ ብር አውሰኝ» ይባላል። ማንም «ስህተት ነው» አይልም። ብሩ ደግሞ ያው ብር አይመለስም።

የእንግሊዝኛ መምህር፦

እውነትሽን ነው፣ ይባላል። እኔም እሰማለሁ። ለአጭር ጊዜ፣ ያለ ወለድ፣ በወዳጅነት ሲሆን ሰው «አውሰኝ» ይላል። ብድር የሚለው ቃል ስለሚከብደው ይመስለኛል። ግን «ባንክ ገንዘብ አዋሰኝ» የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እዚያ ጋ ልዩነቱ ተመልሶ ይመጣል።

ሦስተኛ ዓመት፦

አሁን ገባኝ መምህር። «ተ» እና «አ» የሚለውን ሸምድጄዋለሁ። ግን ቤት ኪራይስ? ተከራየሁና አከራየሁ ለየብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ሬንት» ነው የሚሉት። ስለ ራሴ ክፍል ለውጭ ጓደኛዬ ስጽፍለት የቤቱ ባለቤት ነህ እንዴ ብሎኛል።

የእንግሊዝኛ መምህር፦

ትክክል ነህ። እዚህ ላይ የሚያምታታው እንግሊዝኛው ነው። ማከራየትን ለይተው ሊናገሩ ሲፈልጉ «ሬንት አውት» ወይም «ሌት» ይላሉ። አንተ «አይ ሬንት ኤ ሩም ፍሮም» ብለህ የአከራይህን ስም ጨምር፣ ያልቃል። በዚያው ግን፣ «የምማረው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው» ለማለት «ለርን» አትበል። «ስተዲ» በል። «ለርን» ነገሩ ከገባህ በኋላ የሚባል ነው። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያልገባው ሰው «ስተዲ» አድርጓል እንጂ «ለርን» አላደረገም።

የጀልባው ልጅ፦

ይህን ውይይት ያሳየኝ ደንበኛ ነው። ፍቅር ሐይቅ ጋ በጀልባ እንግዳ አመላልሳለሁ። እንግሊዝኛዬን የለመድኩት ከእንግዳ ነው፣ ከክፍል አይደለም። ስለዚህ ብዙ ተሳስቻለሁ።

የመጀመሪያው «መጣሁ» ነው። ቤንዚን ልቀዳ ስሄድ ለእንግዶቹ «መጣሁ» ማለት ፈልጌ «አይ አም ካሚንግ» እላቸው ነበር። እነሱ ደግሞ ጀርባዬን ያያሉ። እየሄድኩ ነው፣ አፌ ግን እየመጣሁ ነው ይላል። አንድ ባልና ሚስት ተከትለውኝ እስከ ማደያው መጡ። አብረን እንሂድ ያልኳቸው መስሏቸው ነው። ፀሐይ ነበር፣ ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር ነበረች። በጣም አፈርኩ። «አይል ቢ ራይት ባክ» እንደሚባል ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኛ «መጣሁ» ስንል ልባችንን እዚያው ትተን ነው የምንሄደው። እነሱ ግን እግር የሚሄድበትን ነው የሚናገሩት።

ሁለተኛው «ዳር» ነው። ሐይቅ ዳር፣ ባሕር ዳር፣ ወንዝ ዳር፣ ሁሉም ለእኛ ዳር ነው። በእንግሊዝኛ ግን የሐይቅ ዳር «ሾር» ነው። «ኮስት» የባሕርና የውቅያኖስ ብቻ ነው። እኔ «ኮስት ኦፍ ሌክ ሐዋሳ» ስል አንድ ሽማግሌ እንግዳ በትሕትና አረመኝ። ወንዝ ከሆነ «ባንክ» ነው። ስለዚህ ሐይቁ ውስጥ የሚገባው ጥቁር ውኃ «ባንክ» አለው፣ ሐይቁ ግን «ሾር» ነው ያለው። አሸዋ ያለበት፣ ሰው የሚቀመጥበት ደግሞ «ቢች» ነው። አሞራ ገደል ዓሣ የሚራገፍበትን ቦታ «ቢች» ስለው የነበረውንም ትቻለሁ፤ መዝናኛ እየመሰላቸው ፎጣ ይዘው ይመጡ ነበር። እዚያ ያለው ቆሮሶ፣ አምባዛና አሞራ ነው።

ሦስተኛው «ረጅም» ነው። ረጅም መንገድ «ሎንግ» ነው። ረጅም ሰው ግን «ቶል» ነው። ዛፍና ፎቅም «ቶል» ነው። ታቦር ተራራ ደግሞ «ሃይ» ነው። ቀጥ ብሎ የቆመና ቀጠን ያለ ከሆነ «ቶል» የሚሉ ይመስለኛል። ከተሳሳትኩ መምህር ያርሙኝ።

የእንግሊዝኛ መምህር፦

የጀልባው ልጅ፣ አልተሳሳትክም። በዐይንህ አይተህ ያገኘኸው ደንብ ከመጽሐፉ ጋር ገጥሟል። «ኮስት» ከላቲን ጎን ወይም የጎን አጥንት ከሚል ቃል የመጣ ነው። «ባንክ» ላይም አንድ ነገር አለ። ገንዘብ የምናስቀምጥበት ባንክ ስሙን ያገኘው በጣሊያንኛ አግዳሚ ወንበር ከሚል ቃል ነው። ገንዘብ መንዛሪዎች ወንበራቸውን ገበያ ላይ ዘርግተው ይሠሩ ነበርና።

ቢጫ ሰደርያ፦

መምህር፣ አንድ ጥያቄ ይቅርብኝ ብዬ አልተውም። ከላይ እኔ ራሴ «ከአደጋ መጠበቅ» ብዬ ጻፍኩ። ዘበኛም ይጠብቃል። ታክሲም እንጠብቃለን። ደመወዝም እንጠብቃለን። በእንግሊዝኛ ይህ ስንት ይሆናል?

የእንግሊዝኛ መምህር፦

ቢያንስ አራት ይሆናል። ዘበኛው «ጋርድ» ያደርጋል። አንተ ሠራተኛውን ከአደጋ «ፕሮቴክት» ታደርጋለህ። ታክሲውን «ዌይት» ትላለህ። ደመወዙን «ኤክስፔክት» ታደርጋለህ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ናቸው የሚምታቱት። «ዌይት» ጊዜን ማሳለፍ ነው። ቆመህ ነው፣ ሰዓት እያየህ ነው። «ኤክስፔክት» ግን ይሆናል ብሎ ማመን ነው። ሥራህን እየሠራህም ይሆናል። ለእንግዳ «አይ አም ኤክስፔክቲንግ ዩ» ካልከው እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ተዘጋጅቻለሁ ማለትህ ነው። «አይ አም ዌይቲንግ ፎር ዩ» ካልከው ቶሎ ና፣ ቆሜአለሁ ማለትህ ነው። ለአለቃ ሁለተኛውን ስትጽፍ ተጠንቀቅ፤ ዘገየህ የሚል ወቀሳ ሊመስል ይችላል።

አሁን የምነግርህን ያወቅኩ ቀን ግን ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈልጌ ነበር። ይህ «ዌይት» የሚሉት ቃል ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ነው የገባው። ያኔ ትርጉሙ መጠባበቅ ብቻ አልነበረም። ዘብ መቆም፣ ነቅቶ መጠበቅ ማለት ነበር። ዘበኛው የሚያደርገው ማለት ነው። ዘብ የቆመ ሰው ያው አንድ ነገር እስኪመጣ ይቆያል። እነሱ ጋ ትርጉሙ ቀስ በቀስ ወደ መቆየቱ አደላ። የእኛ «ጠበቀ» ሁለቱንም እንደያዘ ቀረ። ስለዚህ ተማሪ «ጋርድ» እና «ዌይት» ሲያምታታ ከዚያ ወዲህ ተቆጥቼ አላውቅም።

አቶቴ ሰፈር፦

እኔ ይህን ለልጄ አነበብኩላት። ስምንተኛ ክፍል ናት። «ለምን ክፍል ውስጥ እንዲህ አይነግሩንም» አለችኝ። መምህር፣ ዕድሜ ይስጥዎት።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከመዝጋቴ በፊት አንድ ነገር ቸግሮኛል። ያ አለቃዬ ቅዳሜ ቤታችን ቡና ሊጠጣ ይመጣል። እናቴ ጠርታው ነው፤ ያን ሌሊት በሐሳብ ማደሩን ስነግራት «እንዲህ የሚያስብልሽ ሰውማ ቤቴ ይግባ» አለች። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ትንሽ ዝም ካለ «ተጫወት እንጂ» እንደምትለው አውቃለሁ። እኔ ምን ብዬ ነው የምተረጉምለት? «ፕሌይ» ልለው ነው?

ነርሷ፦

«ፕሌይ» አትበዪው። ልጅ ነው እሱ የሚባለው፤ አለዚያም ኳስ። «ሜክ ዩርሰልፍ አት ሆም» ይሉ የለ? እንደ ቤትህ ሁን ማለት ነው። «ሆም» እንጂ «ሃውስ» እንዳትዪ ደግሞ። «ሃውስ» ግድግዳውና ጣሪያው ነው። «ሆም» የሚወዱህ ሰዎች ያሉበት ነው።

የእንግሊዝኛ መምህር፦

ነርሷ ያለችው ጥሩ ነው፤ ግን እናትሽ ያሉትን ሙሉ በሙሉ አይደርስም። «እንደ ቤትህ ሁን» እንግዳውን ብቻውን ይተወዋል። «ተጫወት» ግን አብረን እናውራ፣ ድምፅህን እንስማ የሚል ጥሪ ነው። ለዚህ ቁርጥ ያለ የእንግሊዝኛ ቃል አላገኘሁም። እኔ ብሆን አማርኛውን ራሱን አስተምረው ነበር። አንድ ቃል ነው፣ አይከብደውም።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

እሺ መምህር። ለእናቴም ነግሬአታለሁ። ቡናው ሲፈላ እሷ ትለዋለች፣ እኔ አልተረጉምም፣ ቀስ ብዬ አስረዳዋለሁ። ኢሜይሉንም ዛሬ ልኬለታለሁ፦ «ፕሊዝ ሪማይንድ ሚ አባውት ዘ ሺፒንግ ዶክዩመንትስ»። ወዲያው «እሺ» ብሎ መለሰልኝ፣ በአማርኛ።